ሰማይ የመታው ማሳ

«አንድ ገበሬ ነበረ፤ በጠራራ ፀሐይ ሰማይ የመታው።»

የኔታ ነገራቸውን የጀመሩት እንዲህ በድንገት ነው። ከፊታቸው የተቀመጠችው ትብለጥ የምትባል የመንደሩ ሴት ናት። በክረምቱ መግቢያ ባሏን ወንዝ ወሰደባት፤ መስከረም ሳይጠባ ደግሞ ከብቶቿን በሽታ ፈጀባት። ጎረቤቶቿ «ይህ ያለ ነገር አይደለም» አሉ። በጉባኤ ፊት ቆማ ኃጢአቷን እንድትናገርም ለእሑድ ቀጠሯት። እሷም ወደ የኔታ መጥታ፣ «ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ ብዬ ብገላገልስ? ምን አለበት?» ብላ ጠየቀቻቸው። የኔታ አዎም አይደለምም አላሏትም። ይህን ነገሯት።

ገበሬው ደህና ሰው ነበር። ቅዱስ ግን አልነበረም። ጠላ ሲበዛበት አፉ ይከፈታል፤ ከሚስቱም ጋር ይጣላል። ቢሆንም የሰው ድንበር አልገፋም፣ የሰው ሐቅ አልበላም። ሜዳ ላይ የተንጣለለ ማሳና አንድ ጥማድ በሬ ነበረው።

በጥር ወር፣ ሰማዩ ብራ በሆነበት ረፋድ ላይ፣ በሬዎቹን በታጨደው ማሳ ላይ ለቆ ከሚስቱ ጋር ወደ ወንዝ ወረደ። ያን ጊዜ እሳት ከሰማይ መጣ። ምድሪቱ ተናወጠች፤ ባልና ሚስት ወንዙ ዳር በፊታቸው ተደፉ። ተነሥተው ሲመለሱ ማሳው የለም። በቦታው ትልቅ ክብ ጉድጓድ አለ። አፈሩ ተገልብጦ ዙሪያውን እንደ ገበቴ ከንፈር ከፍ ብሏል፤ ግርጌው ላይ የተሰባበረ ድንጋይ ይጨሳል። ከበሬዎቹ ቀንዳቸው እንኳ አልተገኘም።

ያገሩ ሰው መጣ። በመጀመሪያው ቀን አብረውት አለቀሱ። ከዚያ ግን ማሰብ ጀመሩ። ባገሩ ስንት ማሳ አለ፤ ስለምን የእሱ?

በዚያ አገር ቃላቸው የሚሰማ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከልባቸው ፈሩ። «እግዚአብሔር ድንጋይ አያባክንም» አሉ። ይህች ቃል ከቤት ወደ ቤት ዞረች። ከዚያ በኋላ ለገበሬው ሚስት እሳት የሚያስጭራት ጠፋ። ደቦ ቢጠራ የሚመጣለት አጣ።

ሽማግሌው ራሳቸው አንድ ቀን ቤቱ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ የሠራኸውን ተናገር። ንስሐ ትገባለህ፣ ጸበል ይረጭልሃል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እኛም ዘር እናዋጣልሃለን፤ በሬ እናውስሃለን።»

«ምን ብዬ ልናገር አባቴ?»

«እሱንማ አንተ ታውቀዋለህ።»

ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ ሚስቱ አጠገቡ ተቀመጠች። «በቃ፣ አንድ ነገር በላቸው» አለችው። «ከጎረቤት ሴት ጋር ነበርኩ በል። ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልቀየምህም።»

ገበሬው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ልጆቻችንስ?» አላት። «ዕድሜ ልካቸውን የአመንዝራ ልጆች ሲባሉ ሊኖሩ ነው። ድንጋዩ የወደቀው አንድ ጊዜ ነው። ውሸቱ ግን በየቀኑ ይወድቅባቸዋል።»

እሷም ከዚያ በኋላ ያን ነገር አላነሣችም።

ኃጢአቱን እንዲናገር በተቀጠረበት የጉባኤ ቀን ሕዝቡ ማልዶ በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተሰበሰበ። ፀሐይ ወጥታለች፤ ጨረቃዋ ግን ገና አልገባችም፣ በምዕራብ በኩል ነጥታ ትታያለች። ሽማግሌው «በል፣ ተናገር» አሉት። ገበሬው እጁን ወደ ጨረቃዋ ዘረጋ።

«ፊቷን እዩት» አለ። «ያ ጥቁሩ፣ ያ ነጠብጣቡ ሁሉ ምንድን ነው? እኔ እዚህ አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስመለከታት ከረምኩ። የኔን ማሳ ነው የምትመስለው። ተመትታለች። ከኔ ይበልጥ ተመትታለች! የማንን ድንበር ገፍታ ነው? የማንን እህል ሰርቃ ነው? እናንተ ግን በዓላችሁን በእሷ ትቆጥራላችሁ፤ በብርሃኗም መንገድ ትሄዳላችሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ። ሽማግሌው ተቆጡ።

«ከሰማይ ጋር ልትሟገት ነው?»

«አልሟገትም። የበደልኩትን ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ። ያልበደልኩትን ግን ለእናንተም ለሰማይም አልናገርም። ከዚህ ማሳም አልነቃነቅም!»

ሰዉ ጥሎት ሄደ። ክረምቱ ሲገባ ገበሬው በሬ አልነበረውምና እሱና ሚስቱ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን አፈር በዶማ ቆፍረው ዳጉሳ ዘሩ። መዳፋቸው ተላጠ። ከመንገድ ላይ የሚያያቸው ሰው ፊቱን ያዞር ነበር።

በሐምሌ የሽማግሌውን ቤት መብረቅ መታው። ቤቱ ተቃጠለ፤ ጎልማሳ ልጃቸውም ሞተ። ለቅሶ ደራሽ ግን ጠፋ። ያገሩ ሰው ወደ ሽማግሌው ቤት በመሄድ ፈንታ ወደ ገበሬው ማሳ መጣ፤ አንድ ጥማድ በሬ እየነዳ።

«ደስ ይበልህ!» አሉት። «ሰማይ ፈረደልህ። አንተ ንጹሕ ነህ፤ በደለኛው ለካ እሳቸው ኖረዋል። በሬዎቹን እንካ፣ እረስባቸው።»

የኔታ እዚህ ላይ ቆም አሉ። «ትብለጥ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አሏት። «ገበሬው ደስ አለው። ያን ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝቶ ነበር። በሬዎቹንም አያቸው፤ ያማሩ ነበሩ። ሰው ነውና ደስ አለው።»

ከዚያ ግን በደስታው አፈረ።

«መልሷቸው» አለ። «በኔ ላይ የወደቀው ፍርድ አይደለም ብዬ በፊታችሁ ቆሜያለሁ። በእሳቸው ላይ ሲወርድ ፍርድ የሚሆነው በምን ሥርዓት ነው? ዛሬ በእነዚህ በሬዎች ባርስ፣ ያን ቀን እምቢ ያልኩትን ውሸት ተቀበልኩት ማለት ነው። ይልቅ፣ መቃብሩን የሚቆፍር ሰው ሄዷል?»

ገበሬው ዶማውን በትከሻው አድርጎ መንገድ ገባ። ሚስቱም ያላትን ቆሎ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ተከተለችው።

ሽማግሌው ከተቃጠለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የልጃቸው ሬሳ በጋቢ ተሸፍኖ አጠገባቸው ነው። ገበሬውን ሲያዩ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ምን በድዬ ነው?» አሉት። «ንገረኝ፣ ምን በድዬ ነው?»

ገበሬው ብዙ ሊላቸው ይችል ነበር።

«እህል ቀምሰዋል?» አላቸው። አልቀመሱም። ሚስቱ ቆሎውን በእጃቸው አደረገችላቸው፤ እሱም ሊቆፍር ሄደ። ቁፋሮው ወገቡ ድረስ ሲደርስ ከላይ የሌላ ሰው ዶማ ድምፅ ሰማ። ቀና ሲል ያ በጉባኤው ላይ የሳቀው ሰው ነው። ከዚያ ሌሎችም መጡ። ሁሉም አልመጡም። አንዳንዶቹ ከቀብሩ በኋላ መጡ፤ አንዳንዶቹም እስከ ዛሬ አልመጡም።

ሽማግሌው ገበሬውን በቃል ይቅርታ አልጠየቁትም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በጉባኤ ላይ «ስለምን እሱን?» የሚል ሰው ሲነሣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ይወጡ ነበር። ጉድጓዱም ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። ውሃ ፈለቀበት፣ ገበሬውም ባለጸጋ ሆነ የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አልሰማሁም። ዳጉሳው ግን በቅሏል።

የኔታ ይህን ተናግረው ወደ ትብለጥ ዞሩ።

«ገበሬው አንቺ ነሽ» አሏት። «ድንጋዩም ያ ወንዝና ያ የከብት በሽታ ነው። እንዳንቺ የተመታ ማንም የለም ብለሽ አታስቢ። ሰማዩን በመነጽር የሚመረምሩ ሰዎች ምድርም እንደ ጨረቃ ተመትታለች ይላሉ። ልዩነቱ፣ እዚህ ዝናብ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ሣር ይበቅላል፤ ጠባሳዋ ተሸፈነላት። ጨረቃ ላይ ዝናብ የለም፤ ስለዚህ ቁስሏ ሁሉ ይታያል። እሑድ የሚሰበሰቡብሽ ሰዎች ፊታቸው ለስላሳ ነው። ያልተመቱ እንዳይመስሉሽ። በተመቱ ጊዜ አጠገባቸው ሰው ስለነበረ ነው፤ ዝናባቸው እሱ ነው። አንቺን ግን ዝናብ ከልክለውሽ 'ቁስልሽ ለምን ይታያል?' ይሉሻል። እሑድ ሂጂ፣ እንዳትቀሪ። 'ምን በደልሽ?' ሲሉሽ 'ለዚህ የሚሆን ምንም አልበደልኩም' በያቸው። ድምፅሽንም ዝቅ አታድርጊ።»

ትብለጥ ነጠላዋን አስተካከለች። «ካገር ውጪ ቢሉኝስ፣ የኔታ?»

«መቀመጫዬን ይዤ መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ» አሏት። «ካባረሩም ሁለታችንን ያባርሩ።»