ጥሩምባ ነፊውና ቀዩ ጨርቅ

አንድ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ፤ ጋሽ ሞላልኝ ይባላሉ። ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ተነሥተው ከመንደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ጥሩምባቸውን እየነፉ፣ «እድርተኞች ስሙ! አቶ እገሌ አርፈዋል፤ ቀብር በስድስት ሰዓት!» እያሉ ይለፍፋሉ። ሰው አይጠላቸውም፤ ግን ደጁ ላይ ሲቆሙ ደስም አይለውም። ጨው ሊበደሩ ብቅ ያሉ እንደሆነ እንኳ ባለቤቲቱ ደረቷን ይዛ «ኧረ ማን ሞተ?» ትላለች። እሳቸውም ይህን ስለለመዱት ገና በሩን ሳያንኳኩ «ሰላም ነው! ሰላም ነው!» ማለት ጀምረው ነበር።

አንድ ክረምት አገሩን ሳል ያዘው። ጉንፋን ነው ብለው ሲንቁት ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ክፉ ቫይረስ ነው። ጋሽ ሞላልኝንም ያዛቸው። ዝንጅብል ተፈላ፣ ፌጦ ተወቀጠ፣ «ያልፋል» ተባለ። አላለፈም። ያን ሁሉ ዓመት ጥሩምባ የነፋ ደረት ሻማ ማጥፋት አቃተው። በመጨረሻ ሚስታቸው እትዬ የሺመቤት በግድ ጎትተው ሆስፒታል አስገቧቸው።

የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ረድኤት የራሷ አሠራር ነበራት። በዚያ ሳል የገባውን በሽተኛ ሁሉ ዕድሜውን ትጠይቃለች፣ ትንፋሹን ትቆጥራለች፣ ደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ትለካለች፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት እንዳለበት ታጣራለች። «እንዴት ነዎት?» ብላ የምታገኘውን መልስ ግን አታምነውም። የእኛ ሰው እያጣጣረም ቢሆን «ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነዋ የሚለው! ሁሉንም ደምራ፣ ይሞትብኛል ብላ የምትሰጋለትን በሽተኛ ለይታ አልጋው ራስጌ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስራለች፤ ከነርሶቹ ጠረጴዛ አጠገብ ወዳለው ክፍልም ታዛውረዋለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እሷም መጠርጠሯ ነው።

ችግሩ፣ ይህን ለምን እንደምታደርግ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ሥራ በዝቶባት ይሁን፣ ወይም ሰው ሁሉ የሚያውቅ መስሏት፣ እንጃ። እሷ ዝም ስትል ሰዉ የራሱን ትርጉም ሰጠ። አስከሬን በብዛት የሚወጣው ከዚያ ክፍል ነው፤ እንግዲህ የሚገድለው ክፍሉ ነው ተባለ። ወይ ጉድ! በጣም የታመመው እዚያ ስለሚገባ ነው ብሎ ያሰበ አንድ እንኳ አልተገኘም። ስም ሳይቀር አወጡለት፤ «መሰናበቻ» አሉት።

ታዲያ አንድ ቀን ቀዩ ጨርቅ የጋሽ ሞላልኝ ራስጌ ላይ ታሰረ፤ አልጋቸውም ወደዚያው ክፍል ተገፋ። እትዬ የሺመቤት «አንቺ ሟርተኛ! አታሟርቺብን!» ብለው በዶክተሯ ላይ ጮኹባት። ጋሽ ሞላልኝ ግን አልጮኹም። ዶክተሯ ወደ ሌላ በሽተኛ እስክትሄድ ጠብቀው፣ ፊታቸው ላይ የተገጠመውን የኦክስጅን ጭምብል ወደ አገጫቸው አወረዱ።

«በቃ፣ የሺ» አሉ እያለከለኩ። «ስንቱን የለፈፍኩ ሰውዬ የራሴ ይጠፋኛል? ቤቴ ወስዳችሁኝ በአልጋዬ ልሙት። ለጥጋቡ ደውይለት።»

አቶ ጥጋቡ የእድሩ ዳኛ ናቸው። መቼም በእኛ አገር ሰው ቤቱ ውስጥ፣ ዘመድ ከብቦት ቢያርፍ ይመረጣል። ስለዚህ አቶ ጥጋቡ ሳይከራከሩ መኪና ይዘው ከች አሉ። እትዬ የሺመቤት እያለቀሱ የባላቸውን ልብስ ፌስታል ውስጥ ይከታሉ፤ አቶ ጥጋቡ ብብታቸውን ይዘው ሊያነሷቸው ይሞክራሉ። ዶክተር ረድኤት የደረሰችው ይሄኔ ነው።

«አባባ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቴ፣ ልጄ። ጨርቅሽን አይቻለሁ፤ አልቀየምሽም።»

«ቤትዎ ኦክስጅን የለም። ከዚህ ከወጡ ገና መንገድ ላይ እንዳይደክሙብኝ እሰጋለሁ።»

«እዚህ ብቆይስ እድናለሁ?»

«አላውቅም» አለች ዶክተሯ።

«ካላወቅሽ ታዲያ ይሄን ጨርቅ ምን ብለሽ ሰቀልሽብኝ?»

ስለ ቁጥርና ስለ ልኬት ልታስረዳቸው ጀመረች፤ መሀል ላይ ተወችው። እንዲህ ለታፈነ ሰው ቁጥር ምን ይሠራለታል? ያን ጊዜ ሆስፒታል ሲገቡ የነገሯት ሥራቸው ትዝ አላት።

«አባባ፣ ጥሩምባ የሚነፉት ሰው ሲሞት ብቻ ነው?»

ጋሽ ሞላልኝ በዚያ ሁሉ ድካም ላይ ሆነው ቅር አላቸው። «ማን አለሽ? ቤት ሲቃጠልም እነፋለሁ እንጂ!»

«ሰዉ ታዲያ ቀብር ይሁን እሳት በምን ይለየዋል?»

«የቀብሩን ረዘም አደርገዋለሁ። የእሳቱን ደግሞ…» ትንፋሽ አጠራቸው። በጣታቸው የአልጋውን ብረት ጠቅ ጠቅ ጠቅ አደረጉ። «ቁርጥ ቁርጥ። ረጅሙን የሰማ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ቁርጥ ቁርጡን የሰማ ባልዲ ይዞ ይሮጣል።»

«የእሳቱን ሲነፉ ቤቱ ነዶ አልቋል ማለት ነው?»

«ነዶ ካለቀማ ምን ያስነፋኛል!»

«የእኔም ጨርቅ እሱ ነው፣ አባባ። ቁርጥ ቁርጡ ነው» አለች ዶክተር ረድኤት። «‹ይህን ሰው ቅበሩት› አላልኩም። ‹እሳት ተነሥቶበታል፣ ድረሱለት› ነው ያልኩት። ነርሶቹ አጠገብ ያስተኛሁዎትም ቶሎ እንዲደርሱልዎ ነው። ሰዉ ግን የቀብሩ መሰለው። አፍ አውጥቼ አልተናገርኩምና ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጋሽ ሞላልኝ ጨርቁን አዩ፤ ፌስታሉን ይዘው የቆሙትን ሚስታቸውን አዩ። ከዚያ ወደ እድሩ ዳኛ ዞሩ።

«ጥጋቡ፣ ድንኳን ተክላችኋል እንዴ?»

«ኧረ የለም! ማለቴ… ምሰሶውን ብቻ ነው።»

«ንቀል!» አሉና ጭምብሉን ፊታቸው ላይ መለሱት። አቶ ጥጋቡ መግቢያው ጠፍቷቸው ስልካቸውን እያወጡ ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ቀላል አልነበሩም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሞላልኝ ኦክስጅናቸው በድንገት አሽቆለቆለ። ሌላ ክፍል ጥግ ላይ ተኝተው ቢሆን ኖሮ ማንም ሳያያቸው ያልቅላቸው ነበር። ነርሷ ግን እዚያው ነበረች፤ አይታ ተጣራች፣ ዶክተሯም ሮጣ መጣች። በደረታቸው አስተኟቸው፤ ኦክስጅኑን ጨመሩላቸው። እትዬ የሺመቤት ኮሪደሩ ላይ ተንበርክከው «እመቤቴ ማርያም፣ ዛሬን ብቻ!» እያሉ ተማጸኑ። ቀስ በቀስ ትንፋሻቸው ተመለሰ።

ከቀናት በኋላ አንድ ጧት ጋሽ ሞላልኝ ጭምብሉን ገለጥ አድርገው፣ «የሺ፣ ራበኝ» አሉ።

እሰይ! እትዬ የሺመቤት የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። «ምን ላምጣልህ? ምን ያምርሃል?»

«ዱለት።»

«አጥሚት!» አለች ዶክተር ረድኤት ከበሩ ላይ። ነርሶቹ ሳቁ፤ በሽተኞቹ ሳቁ፤ እትዬ የሺመቤት እየሳቁ አለቀሱ። በዚያው ጧት ቀዩ ጨርቅ ተፈታ።

ሁሉም አልዳኑም። ታሪኩ እንዲያምርልኝ ብዬ አልዋሽም፤ ጨርቁ ከታሰረላቸው መሀል የተቀበሩም አሉ። ይሁንና ዶክተር ረድኤት ከዚያ ወዲህ ጨርቁን ከማሰሯ በፊት ወንበር ስባ ተቀምጣ፣ ምን ማለት እንደሆነ ለበሽተኛውም ለቤተሰቡም ታስረዳ ጀመር። ሰዉም ከዚያ ክፍል መሸሹን ተወ፤ በጊዜ የተደረሰለት ብዙ ሰው በእግሩ ቆሞ ቤቱ ገባ።

ጋሽ ሞላልኝ ከሆስፒታል ሲወጡ እትዬ የሺመቤት ዶክተሯን አንገቷን አቅፈው ሳሟት። «ልጄ፣ ሟርተኛ ብዬሻለሁ። በእግዚአብሔር፣ ይቅር በይኝ።»

«ይሞታሉ ብዬ ሰግቼ ነበር፣ እትዬ፤ ተሳሳትኩ» አለች ዶክተር ረድኤት ዓይኗን እየጠረገች። «ምነው ሁልጊዜ እንዲህ በተሳሳትኩ!»

ወዳጆቼ፣ ሟርተኛውም የሚሰጋልን ሰውም ሲናገሩ ቃላቸው አንድ ይመስላል። ሁለቱም ክፉ ነገር ሊመጣብን እንደሚችል ይነግሩናል። ሟርተኛው ግን ያለው ሲደርስ «ብዬ ነበር!» ብሎ ይኮራል፤ የሚሰጋልን ሰው ያለው ሲቀር እልል ይላል። አደጋን አስቀድሞ ማየት ፍርድ መስጠት አይደለም፤ ቶሎ ለመድረስ ነው። ስለዚህ የሚያስጠነቅቅ ሰው ለምን እንደሚያስጠነቅቅ ያስረዳ፤ የሚሰማም ደንግጦ ከመሸሹ በፊት ጨርሶ ይስማ።

እስቲ እርስዎም ያስቡት። ሐኪም ይሁን፣ ሚስት፣ ወንድም ወይም ጎረቤት፣ «እሰጋልሃለሁ» ስላለዎት ብቻ የተቀየሙት ሰው አለ? የፈራው ነገር ቢቀር ሰውየው ይከፋዋል ወይስ ደስ ይለዋል? ደስ የሚለው ከሆነ፣ ነገ ሳይሉ ዛሬውኑ ሄደው ይስሙት።