ይንከሱልኝ የምትባል መንደር

ደመና ሲደክማት ወርዳ በምታርፍበት የደጋ አፋፍ ላይ ይንከሱልኝ የምትባል መንደር አለች። ስሟን የሰማ መንገደኛ ውሻ የበዛባት መስሎት ዱላውን ጠበቅ ያደርጋል፤ ውሾቿ ግን ከብርዱ የተነሣ አፋቸውን ለመክፈት እንኳ ይሰንፋሉ። አንድ ዓመት የአንዱ ውሻ ጩኸት በውርጭ ረግቶ ለፋሲካ ቀለጠ የሚሉ አሉ፤ ይሄ ማጋነን ነው፣ የቀለጠው ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። የስሟ ምክንያት ውሻ ሳይሆን ስፌት እንደሆነ አባቶች ይናገራሉ።

እንደሚነገረው፣ በዚያ አገር ግራዝማች አጎናፍር የሚባሉ ባላባት ነበሩ። አንድ ጎረቤታቸው ከቁራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ የአልጋ ልብስ ለብሶ እንደሚተኛ ቢሰሙ እንቅልፍ አጡና፣ በመርፌ አቻ የላትም የምትባለውን አቻምየለሽን አስጠሩ። ልብሱ መቶ ኮከብ እንዲኖረው፣ የእያንዳንዱ ኮከብ ስምንት ሹል ቁራጭ መሐል ላይ እንዲሳሳም፣ በመካከላቸው ቁንጫ እንኳ የምታልፍበት እንዳይገኝ አዘዙ። እሷም ጨርቁን ሁሉ በአንድ ልክ ቆራርጣ ስትጨርስ፣ ግድግዳ ቆፍራ እንዳታመልጥ ከመርፌ በቀር ብረት የተባለ ሁሉ ተወሰደባትና ጎጆ ውስጥ ከውጭ ተቀረቀረባት። ግራዝማችም በሰው ፊት፣ «ሹል ከሹል ሳይሳሳም አንቺም አትወጪም፣ እኔም ሌላ ልብስ አልደርብም፤ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ» ብለው ማሉ። ጊዜው መስቀል ነበር፤ የአቻምየለሽ አንድያ ልጅ ውድነሽ ደግሞ የምትዳረው ጥር ሃያ አንድ ነው።

ልጇን ሳትድር እንዳትቀር አቻምየለሽ ለጊዮርጊስ ተሳለች፦ ከዚያ ቤት በእግሯ እስክትወጣ ጥፍሯን ላትቆርጥ። የስፌቷ ልክ ደግሞ የአውራ ጣቷ ጥፍር ነበር፤ ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ጥፍር ገባ ብላ ነው የምትሰፋው።

የመስከረሞቹ ኮከቦች እንደ እህትማማች ተቃቀፉ። ኅዳር ላይ ግን አንዱ ሹል ሌላውን አልፎ ይሄድ፣ ሌላው ስፌቱ ውስጥ ተቀብሮ ደብዛው ይጠፋ ጀመር። ፈትታ ብትሰፋው ባሰ። ዘበኛው ጓንጉል፣ አፍ እንጂ አንድ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ፣ በበሩ ቀዳዳ እያየ፣ «እመት አቻምየለሽ፣ ዛሬም ሹሉ ሹሉን አኮረፈው?» ይላታል። ጎጆው በየቀኑ የሚጠብ፣ ግድግዳው ሾልኮ የሚቀርብ ይመስላት ነበር። በገባች ማግስት ጊዜ ለመግደል ወለሉን በጥፍሯ ለክታው አራት መቶ ጥፍር ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ ብትለካው ሁለት መቶ ሆነና ጮኻ ወደ በሩ ሮጠች። ጓንጉልም ግድግዳ እግር የለውም ብሎ ሳቀባት።

እሷ ግን በዚህ ቃል ቆመች። ግድግዳ ካልሄደ የሄደው ምንድን ነው? አውራ ጣቷን አየችው፤ ጥፍሩ የሰንጋ ቀንድ አክሏል። የስፌቱም ልክ አብሮ አድጎ ኖሮ ሹሉን ሁሉ የበላው እሱ ነበር።

ማወቁ ግን በር አልከፈተላትም፤ እንዲያውም አጠበቀባት። ሹሉ እንዲገጥም ጥፍሯ መቆረጥ አለበት፤ ጥፍሯ እንዲቆረጥ መውጣት አለባት፤ እንድትወጣ ሹሉ መግጠም አለበት። በገለባ ልትለካ ሞከረች፤ ሠላሳ ዓመት ጥፍር የለመደ እጅ ገለባ አልቀበልም አለ። ስለት ነውና በጥርሷም አልነካችውም።

በጥምቀት ማግስት ግራዝማች ልብሱን ሊያዩ ገቡ። መሐላ አለባቸውና በአንዲት ስስ ኩታ ተጠቅልለዋል፤ ጥርሳቸው በብርድ ሲንገጫገጭ ከሩቅ የሰማ ቄስ ጸናጽል መስሎት መዘመር ጀምሮ ነበር ይባላል።

«ሴትዮ፣ ልሞትብሽ ነው» አሉ።

አቻምየለሽ ጥርሳቸውን አየች። ከዚያ ጥፍሯን አየች። ስትሳል አልቆርጥም አለች እንጂ አላስቆርጥም አላለችም።

«ጌታዬ፣ ያ ጥርስዎ በከንቱ ከሚንገጫገጭ» አለችና አውራ ጣቷን ዘረጋችላቸው፤ «ይንከሱልኝ።»

ባላባት የልብስ ሰፊ ጥፍር ይነክሳል? ጓንጉል ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ለጠፈ። ግራዝማች ግን በሩን አዩ፣ ኩታቸውን አዩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉ። የሚንገጫገጭ ጥርስ ከምላጭ ይብሳል፤ ጥፍሩ እንደ መስከረሙ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ መርፌዋ ከፍጥነቱ ብዛት ስለጋለ ግራዝማች እየመጡ እጃቸውን ይሞቁበት ነበር አሉ። በስምንተኛው ቀን መቶው ኮከብ ተሳሳመ። እሳቸው ልብሱን ደርበው እስከ ዐቢይ ጾም ተኙ፤ እሷ ሙሽራው ደጅ ሲደርስ ደረሰችና ልጇን መርቃ ዳረች።

ዛሬም በዚያች መንደር ሴት ቁራጭ ጨርቅ ልትገጣጥም ስትቀመጥ ጥፍሯን ራሷ አትቆርጥም፤ አውራ ጣቷን አጠገቧ ላለው ሰው ዘርግታ «ይንከሱልኝ» ትላለች። ነካሹ ባሏ ቢሆን፣ የጎረቤት ሕፃን ቢሆን፣ ቃሉ አይለወጥም። ስለዚህ ይንከሱልኝ ውስጥ አንቱ ያልተባለ ወንድ የለም፤ አንቱታው ግን ጥፍሩን እንትፍ እስኪል ድረስ ብቻ ነው።