መከታና የታመመው ጆሮው

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ እንስሳት ከሰው ጋር በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት ዘመን፣ መከታ የሚባል ውሻ ነበረ። የሚኖረው ወንዝ ዳር፣ ሸክላ እየሠሩ ከሚተዳደሩ እትዬ ትርፌ ከሚባሉ ሴት ቤት ነው።

በዚያው ግቢ አንዲት አህያ ነበረች። አብረው ነው ያደጉት። እሱ ቡችላ፣ እሷ ውርንጭላ ሳሉ አመድ ላይ አብረው ይንከባለሉ፣ አንድ ጥላ ሥር ይተኙ ነበር። ካደጉም በኋላ እሷ ሸክላ ተጭና ገበያ ስትወርድ እሱ ከፊት ከፊት ይሄዳል። የመከታን ጆሮ ደግሞ አገር ያውቀዋል። ጅብ ከወንዝ ማዶ ቅጠል ሲረግጥ ይሰማል። መከታ "ጅብ መጣ" ካለ፣ መጣ ነው።

አንድ ክረምት ታዲያ ዝናቡ አላባራ አለ። መከታ ጅብ ለማባረር ወንዙን እየዋኘ ሲመላለስ ሁለቱም ጆሮው ውስጥ ውሃ ገባ። ዛሬ ገባ፣ ነገ ገባ፣ በሦስተኛው ቀን ጆሮውን ያሳክከው ጀመር። አከከው። ራሱን አራገፈ። እንደገና አከከው። ሲሰነብት ጆሮው ቀላ፣ ውስጡ ጠቆር ያለ ፈሳሽ ያዘ፣ ከዚያም መሽተት ጀመረ።

መጀመሪያ የግቢው በጎች ሸሹት። ለምን ቢላቸው፣ ወዲያ ማዶ ሣሩ ይሻላል አሉት። ቀጥሎ የቤቱ ድመት ከጎኑ መተኛት ተወች፤ ጉንፋን ይዞኛል አለች። መከታ ነገሩ ገብቶት አፈረ። በመጨረሻ ዝንብ መጣች። ጆሮው ላይ ቁጭ ብላ፣ እንዳንተ መዓዛው የሚያውድ አላየሁም፣ እነሱ ቀንተው ነው አለችው። መከታ ይህን ማመን ፈለገ፤ አመነም።

እውነቱን የነገረችው አህያዋ ብቻ ናት።

"መከታዬ፣ ጆሮህ ታሟል፤ ይሸታል። ለእትዬ እንንገራቸውና ይዩልህ።"

"ጆሮዬ ምንም አልሆነም" አላት።

ሌላ ቀን ደግማ ነገረችው፤ ያንኑ መለሰላት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትነግረው ጥርሱን አሳያት። ከዚያ ወዲያ ተወችው።

ጉም በወረደበት አንድ ጠዋት አህያዋ ወንዝ ዳር ትግጣለች፤ መከታ ራቅ ብሎ ይጠብቃታል። ቅጠል ተንኮሻኮሸ፤ አልሰማም። ጭራሮ ተሰበረ፤ አልሰማም። ዘወር ሲል ጅቡ የአህያዋን ጭን ነክሷል። መከታ ዘሎ ገባበት፤ ተናንቆ ተናንቆ አባረረው። አህያዋ ግን ደሟ እየፈሰሰ መሬት ላይ ወድቃለች።

"ሦስት ጊዜ ጠራሁህ" አለችው ቀስ ብላ።

መከታ ይህን ሲሰማ፣ ውርንጭላ ሳለች ከአጥር ጀርባ ሆና በሹክሹክታ ስትጠራው እየሮጠ የሚመጣበት ጊዜ ትዝ አለው። ያ ጊዜ ሩቅ መሰለው።

እየሮጠ ወደ እትዬ ትርፌ ሄደና አህያዋ ያለችበት አደረሳቸው። ቁስሏን አጥበው ካሰሩላት በኋላ ራሱን ጉልበታቸው ላይ አስደግፎ፣ "እትዬ፣ ጆሮዬ ሸቷል። አፍሬ ነው የደበቅሁት" አላቸው።

እትዬ ትርፌ አልተቆጡትም። መታመም ምን ያሳፍራል ብለው፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠቡለት፣ በጥጥ አደረቁለት። በየቀኑ እንዲሁ አደረጉ፤ ወንዝም እንዳይገባ ከለከሉት። መስከረም ሲጠባ ሽታው ጠፋ፣ ቀኝ ጆሮውም ዳነ። ግራው ግን ይበልጥ ተጎድቶ ነበርና መስማት ተሳነው።

አህያዋም ዳነች፤ አንድ እግሯ ግን ማንከሱን አልተወም። ከዳኑ በኋላ ወደ ገበያ በወረዱበት በመጀመሪያው ቀን መጥታ በግራው በኩል ቆመች። መከታ አዝኖ፣ በዚያ በኩል ብታወሪኝ አልሰማሽም አላት።

"አውቃለሁ" አለችው። "በዚህ በኩል እኔ እሰማልሃለሁ።"

እሱም እርምጃውን ከእርምጃዋ ጋር አስተካከለ። ከዚያን ቀን ወዲያ እስኪያረጁ ድረስ መንገዱን ጎን ለጎን ሆነው ተመላለሱበት።

ልጆቼ፣ ሕመሙን የሚደብቅ ሰው የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም፤ እሱን ተማምኖ የሚውለውንም ነው። እኔ እንዲህ ሲባል ሰማሁ፤ እናንተም ለምትወዱት ንገሩ።