የረቡዕ ደወልና አንዲት ኩባያ ወተት

ተረት አለኝ፤ የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ። ደጋገምከው ብላችሁ እንዳትቆጡኝ፤ የዚህ ተረት ሥራው መድገም ነው።

በአንድ የደጋ ከተማ ዳር፣ ሰው ወተቱን ለማኅበር በሚያስረክብበት ሰፈር፣ የሺመቤት የምትባል ሴት በፋሲካ ዕለት ሴት ልጅ ወለደች። ከስምንት ዓመት ትዳር በኋላ የመጣች ልጅ ናትና የቤቱ ደስታ ልክ አልነበረውም። በወለደች በአሥረኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አራሷ ወተት አማራት። ብዙ አይደለም፤ አንዲት ኩባያ። ግን የማንንም ላም ወተት አይደለም፤ የጎረቤታቸውን የእማማ ማንጠግቦሽን ላም ወተት ነው። የሌላው ሆዷን ይነፋታል። ባሏን ልሳኑን ጠራችና ሌላ ምንም እንደማትጠይቀው፣ እሷን ብቻ እንዲያመጣላት ነገረችው።

ልሳኑ በወተት ማኅበሩ የመቆጣጠሪያ ክፍል ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ ሰው ነው። ማቀዝቀዣው ቆሞ የወተቱ ገንዳ ሲሞቅ ኮምፒውተሩ ያውቃል፤ ደወሉን ያስጮኻል፤ ልሳኑም ሰምቶ ይሮጣል። የመሪጌታ ልጅ ስለሆነ ደግሞ አጽዋማትንና በዓላትን በጣቱ ቆጥሮ ለሰፈሩ የሚነግር እሱ ነው። ይህ ሰው ኩባያውን ይዞ ወጣ። እማማ ማንጠግቦሽ ደጅ ለመድረስ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም፤ እሱ ግን በዚያች መንገድ ሁለት ጊዜ ቆመ።

የቆመበት ምክንያት አለው። በፋሲካ ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ የመንደሩ ወተት ገንዳው ውስጥ ተበላሸ። የሁለት መቶ ቤት ወተት ወንዝ ገባ። በማግሥቱ ሰው ተሰብስቦ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ሲጠያየቅ፣ ልሳኑ ተነሥቶ፣ "ደወሉ አልጮኸም፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣው አልቆመም" ብሎ መሰከረ። ማቀዝቀዣው ካልቆመ ያበላሸው የአንድ ሰው ቆሻሻ የወተት ዕቃ ነው ተባለ። መጨረሻ የገባው ዕቃ ደግሞ የእማማ ማንጠግቦሽ ነበር። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ አንድ ላም እንጂ ሌላ የላቸውም። ስማቸው ከማኅበሩ መዝገብ ተሰረዘ። እሳቸው አልተከራከሩም፤ ዕቃቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ልሳኑ ግቢያቸው ሲደርስ እማማ አልነበሩም፤ ውሃ ሊቀዱ ወርደዋል። እሰይ አለ በሆዱ። ኩባያውን ይዞ ላሟ ሥር ቁጢጥ አለ። ላሟ ዞራ አየችውና በእግሯ ጉልበቱን አለችው። "እመቤቴ ካላለቡኝ አልታለብም" አለች። ቢለማመጣት፣ ጭድ ቢያቀርብላት፣ ወይ ፍንክች። ላሟ ያለ እመቤቷ አትታለብም፤ የሺመቤትም ወተት እንዳማራት ናት።

እማማ ማንጠግቦሽ እንስራቸውን ይዘው ሲመጡ መሬት ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ሲያሽ አገኙት። የመጣበትን ነገራቸው። እንስራውን አስቀመጡ።

"ለአራስ ወተት መከልከል ነውር ነው፤ አላጣሁትም ልጄ" አሉት። "ግን ዕቃዬ ቆሻሻ ነው ተብሏል። የሺ ነገ ሆዷን ቢያማት ያቺ አሮጊት ናት አይባልም? ስሜን መልሱልኝና አልባለሁ።"

ይህን ያሉት በቂም አልነበረም፤ በፍርሃት ነው። ልሳኑን የወጋውም እሱ ነው። ቢቆጡት ይቀለው ነበር። ላሟ ያለ እመቤቷ አትታለብም፤ እማማ ስማቸው ካልተመለሰ አያልቡም፤ የሺመቤትም ወተት እንዳማራት ናት።

ልሳኑ ወደ ማኅበሩ ሰብሳቢ ወደ ጋሽ ደምመላሽ ሄደ። ወተት ሲለኩ አገኛቸው። እማማ አሮጊት ናቸው፣ ደግሞ ዓመት በዓል ነው፣ ደግሞ ይቅርታ ያባት ነው እያለ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። ጋሽ ደምመላሽ ነገር ቀጥ ብሎ ካልመጣላቸው የሚሰለቻቸው ሰው ናቸው። ማቀዝቀዣው ቆሞ እንደነበር ማስረጃ ካመጣ የእማማን ስም ዛሬውኑ በእጃቸው መልሰው እንደሚጽፉ ነገሩት። ያለ ማስረጃ ግን ሁለት መቶውን ቤት ምን ብለው ይመልሱ? "ደግሞ አልቆመም ያልከው አንተው ነህ" አሉት፤ እሱም መሬት መሬት አየ። ላሟ ያለ እመቤቷ አትታለብም፤ እማማ ስማቸው ካልተመለሰ አያልቡም፤ ጋሽ ደምመላሽ ማስረጃ ካላዩ ስም አይመልሱም፤ የሺመቤትም ወተት እንዳማራት ናት።

ከሕንፃው ጀርባ ወደ ማቀዝቀዣው ዞረ። ማቀዝቀዣው እያጉረመረመ ወተት ያበርዳል። "አንተ ብረት፣ ያን ረቡዕ ቆመህ ነበር በልልኝ" አለው ልሳኑ። ማቀዝቀዣው፣ "እኔ ስግል እቆማለሁ፣ ስበርድ እነሣለሁ፤ ቀን አልቆጥርም። የእኔን መቆም የሚናገር ደወሉ ነው። እሱ ካልመሰከረብኝ ቆሜ ነበር አልልም" አለ። እውነቱን ነው፤ ብረት በገዛ ራሱ ላይ ሲመሰክር ማን አየ? ሰው እንኳ አላደረገውም። ላሟ ያለ እመቤቷ አትታለብም፤ እማማ ስማቸው ካልተመለሰ አያልቡም፤ ጋሽ ደምመላሽ ማስረጃ ካላዩ ስም አይመልሱም፤ ማቀዝቀዣው ካልተመሰከረበት አያምንም፤ የሺመቤትም ወተት እንዳማራት ናት።

ልሳኑ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ገብቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ደወል ቀና ብሎ አየ። "ምነው ያን ዕለት ዝም አልክ?" አለው። ደወሉ፣ "ዝም አላልኩም፤ አፌን ተያዝኩ። በኮምፒውተሩ ውስጥ የተጻፈ ደንብ አለ። እሱ ካልለቀቀኝ አልናገርም" አለ። ልሳኑ ይህን ሲሰማ የደነገጠ መሰለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏችኋል እንዲህ ነው። ላሟ ያለ እመቤቷ አትታለብም፤ እማማ ስማቸው ካልተመለሰ አያልቡም፤ ጋሽ ደምመላሽ ማስረጃ ካላዩ ስም አይመልሱም፤ ማቀዝቀዣው ካልተመሰከረበት አያምንም፤ ደወሉ ደንቡ ካልለቀቀው አይናገርም፤ የሺመቤትም ወተት እንዳማራት ናት።

አሁን የደንቡን ነገር ልንገራችሁ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነውና ማኅበሩ ወተት አይረከብም፤ ባዶው ገንዳ በፈላ ውሃ ይታጠባል። ታዲያ የፈላው ውሃ ሲገባ ኮምፒውተሩ ወተቱ ሞቀ ብሎ ይደነግጣል፤ ደወሉ በከንቱ ይጮኻል፤ ሰፈሩ ይታወካል። አምና ሰው ሁሉ ሲማረር ልሳኑ ቁጭ ብሎ ደንብ ጻፈ፦ "ረቡዕና ዓርብ ገንዳው ቢሞቅ ደወሉ አይጩህ፤ ማንቂያው እንደታየ ተቆጥሮ በራሱ ይዘጋ፤ ከዝርዝሩም ይሰወር።" ሰፈሩ አረፈ፤ ልሳኑም ተመሰገነ። ግን ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ወተቱ ይመጣል፤ ገንዳው ይሞላል። ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከሰው ሁሉ ደግሞ ልሳኑ ያውቃል። ለደንቡ ግን አልነገረውም። በዚያ ረቡዕ ማቀዝቀዣው ግሎ ሦስት ሰዓት ቆመ፤ ልሳኑም ዝም ካለው ደወል ሥር ተቀምጦ ለገባ ለወጣው ሁሉ ስለ ልጁ ያወራ ነበር።

ይህን ያወቀው ዛሬ ቢሆን ኖሮ ተረቴ አጭር ነበር። ያወቀው ቅዳሜ ነው። ለሌላ ሥራ ደንቦቹን ሲከፍት አየው፤ መልሶ ዘጋው። ዝም አይነቅዝም ብሎ ራሱን አጽናና። እሑድ ዋለ፤ ሰኞም ዋለ። እማማ ማንጠግቦሽ በነዚያ ቀናት ዕቃቸውን ይዘው ሰው ፊት አልወጡም።

ስለዚህ ማክሰኞ ልሳኑ ደንቡን ከፈተና ለመነው። "ደወሉን ብቻ ልቀቀው፤ የእኔን ስም አታንሣ" አለው። ደንቡ፣ "የጻፈኝ ካልሰረዘኝ አልለቅም። የጻፈኝም ስሙ እላዬ ላይ አለ" አለ። ላሟ ያለ እመቤቷ አትታለብም፤ እማማ ስማቸው ካልተመለሰ አያልቡም፤ ጋሽ ደምመላሽ ማስረጃ ካላዩ ስም አይመልሱም፤ ማቀዝቀዣው ካልተመሰከረበት አያምንም፤ ደወሉ ደንቡ ካልለቀቀው አይናገርም፤ ደንቡ የጻፈው ካልሰረዘው አይለቅም፤ የጻፈው ደግሞ ልሳኑ ነው፤ የሺመቤትም ወተት እንዳማራት ናት።

ከዚህ ወዲያ የሚሄድበት ሰው አልነበረም። ስድስቱን ሁሉ ለምኗል፤ ያልለመነው ራሱን ብቻ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሁለት መቶ ቤት ፊት መቆሙን አሰበና ፈራ። የአባቱን ስም አሰበና አፈረ። ሥራዬን ባጣ ገና የተወለደችውን ልጄን ምን ላበላ ነው አለ። ደግሞ ነገ ረቡዕ ነው፤ ወተቱ ይመጣል፤ ማቀዝቀዣው ቢግል ደወሉ ነገም ዝም ይላል። ያን ጊዜ የማን እናት ዕቃ ቆሻሻ ሊባል ነው? ከሁሉ ይልቅ የቆጨው ግን መርሳቱ አልነበረም፤ ሰው ይረሳል። የቆጨው ቅዳሜ ነው።

ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ደንቡን ሰረዘው።

ደንቡ ደወሉን ለቀቀ። ደንቡ የሰወረው ሁሉ ተመልሶ በዝርዝሩ ላይ ወጣ፤ ደወሉም የስድስት ቀን ጩኸቱን በአንዴ ጮኸ። በማቀዝቀዣው ላይ መሰከረ፤ ማቀዝቀዣውም ከጠዋቱ ሦስት እስከ ቀኑ ስድስት ቆሞ እንደነበር አመነ። ልሳኑ ዝርዝሩን በወረቀት አትሞ ወተት ለማስረከብ በተሰለፈው ሰው ፊት ለጋሽ ደምመላሽ ሰጠ፤ ደንቡን የጻፈው እሱ መሆኑንም በአፉ ተናገረ። አንዳንዱ ሰው ተሳደበ፤ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ደምመላሽ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡ፤ መዝገቡን አስመጥተው የማንጠግቦሽን ስም መልሰው ጻፉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ልሳኑን አስከትለው፣ ወደ እማማ ደጅ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። እማማም ምንም አይደል ብለው ሸኟቸው።

ልሳኑ ኩባያውን እንደያዘ ቀረ። ሌላ ሳይናገር ወተቱን ተቀብሎ መሄድ ይችል ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም። "እማማ፣ እኔ ቅዳሜ አውቄ ነበር" አላቸው።

እማማ ማንጠግቦሽ እሳት አያይዘው ውሃ አፈሉ። የወተት ዕቃቸውን በፈላ ውሃ አጠቡት፤ ደገሙት፤ ሦስተኛ ጊዜም አጠቡት፤ በየጊዜው ውስጡን ወደ እሱ አዙረው አሳዩት። ከዚያ ከላሟ ሥር ተቀመጡ፤ ላሟም ለእመቤቷ ታለበች። ኩባያውን ሞልተው ሲሰጡት እንዲህ አሉት፦

"ደወሉን ዝም ያሰኘኸው ለፈላው ውሃ ብለህ ነው፤ ይገባኛል። አንተን ዝም ያሰኘህ ምን ነበር ልጄ?"

ልሳኑ ወተቱ እንዳይፈስ በሁለት እጁ ይዞ ሃምሳዋን እርምጃ ሄደ። የሺመቤት ተቀብላ እስከ ታች ጠጣችው፤ ፊቷም ወዙ መጣ። ባዶውን ኩባያ እየመለሰችለት ቤታቸው እኮ እዚሁ ነው፣ ምነው እንዲህ ዘገየህ አለችው።

"ቅዳሜ መምጣት ነበረብኝ" አላት።

የሺመቤት ወተት ያማራት ዛሬ ጠዋት ነውና ነገሩ አልገባትም። እሱም አጠገቧ ተቀምጦ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። እኔም ያወራሁላችሁ እሱ ለሚስቱ ያወራላትን ነው።