የተመረገው ቀፎ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ንብ አናቢ» አሉ መምህሩ። ተማሪያቸው ከእቶን ያወጣችውን ዱቄት ይዛ ፊታቸው ቆማለች። በታይታኒየም ኦክሳይድ ላይ ደቃቅ የፕላቲኒየም ቅንጣቶችን በትና ካታሊስት፣ ማለትም የጋዞችን ኬሚካዊ ለውጥ የሚያፋጥን ነገር፣ ሠርታ ነበር። ቅንጣቶቹ እንዲጸኑ ብላ በሃይድሮጅን ውስጥ አብዝታ አሞቀችው፤ አሁን አልሠራ አለ። «ፕላቲኒየሙ እንዳለ አለ፤ ታዲያ ምን ነካው?» ነበር ጥያቄዋ።

ሰውየው ካባቱ የወረሰው ንብ ነበረው። አንድ ዓመት ቀፎው ተሰነጣጠቀና ነፋስ ገባበት፤ ንቡም ወጥቶ ቅርንጫፍ ላይ ባንድነት ተከመረ። ስንቴ ተነድፎ እንደመለሰው እሱ ነው የሚያውቀው! «ከእንግዲህማ የትም አትሄዱም» አለ። ሲመሻሽ፣ ሁሉም ከገቡ በኋላ፣ ጭቃና እበት አቡክቶ ቀፎውን መረገ። ሳይደርቅ ደግሞ ደረበበት። አንድ ጣት ውፍረት የሚበቃውን ሦስት ጣት አደረገው። እርጥቡ ጭቃ እየተንሸራተተ ወርዶ የንቦቹን መውጫ ደፈነው፤ እሱ ግን ሥራውን ጨርሶ ገብቶ ነበር።

«ንብህ ዛሬ አልወጣም እኮ» አለችው ሚስቱ በማግስቱ።

«ተይው እቴ፣ ረጋልኝ ማለት ነው» አለና ደስ አለው።

በሦስተኛው ቀን ጆሮውን ቀፎው ላይ ለጠፈ። ጭጭ። ጭቃውን በቢላ ፈልፍሎ ሲከፍተው ንቦቹ መውጫው ላይ ተደራርበው ሞተዋል። ማሩ ግን እንዳለ ነበር። «ወይኔ! ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ቀፎ አልሰቀለም።

መምህሩ ወደ ተማሪዋ ዞሩ። «እንግዲህ ልጄ፣ ንቡ ፕላቲኒየምሽ ነው፤ ቀፎው ኦክሳይዱ። ኦክሳይዱ ላላ አድርጎ ከያዘው፣ ቅንጣቱ እየተንከራተተ አንድ ላይ ይከመራል። ይጥበቅ ብለሽ በሃይድሮጅን ከልክ በላይ ስታሞቂው ደግሞ ኦክሳይዱ ራሱ ላዩ ላይ ወጥቶ ያለብሰዋል። ጋዙ ታዲያ በየት በኩል ይድረሰው? እንዳለ አለ ያልሽው እውነት ነው፤ ግን ታፍኖ ነው ያለው።»

ተማሪዋ አንገቷን ደፋች። «ሦስት ወር ለፍቼበታለሁ መምህር። አበቃለት በሉኛ።»

«ያንቺስ ነፍስ የለውም፤ አልሞተም። በአየር አሙቂው፣ ሽፋኑ ይገለጥለታል። ከዚያ ሃይድሮጅኑን በለዘብታ ስጪው።» ዱቄቱን ተቀብለው ጥቂት አገላብጠው አዩት። «የኔንም ቀፎ ሚስቴ በነገረችኝ ቀን ከፍቼው ቢሆን ኖሮ ንቡ ይተርፍ ነበር።»