ባትሪ የምትበላ መኪና

አንድ ባለመኪና ነበረ። ሚስቱ ኩላሊቷን ታማ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ሆስፒታል ሄዳ ደሟን በመሣሪያ ትታጠባለች። እነሱ በሚኖሩበት ቆላ ከተማ እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም፤ ያለው ረጅሙን ዳገት ወጥቶ ደጋው ላይ ባለው ከተማ ነው። ስለዚህ የሴትዮዋ ዕድሜ በሁለት ነገር ተንጠልጥሎ ነበር፤ በዚያ መሣሪያና ባሏ በሚነዳት መኪና።

መኪናዋ ሃይብሪድ የሚሏት ዓይነት ናት፤ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ። ሞተር ጎን ከምትቀመጠው ከተለመደችው ባትሪ ሌላ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ የተኛ ትልቅ ባትሪ አላት፤ በውስጡ ብዙ ክፍሎች ተደርድረውበታል። ዳገት ላይ ሞተሩን የሚያግዘው እሱ ነው። እሱ ሲደክም መኪናዋ ወገቤን ትላለች።

የጠየቅሽኝን የረሳሁ እንዳይመስልሽ። «መምህር፣ ይህን ትምህርት ቤት መምራት ከጀመርኩ ሦስት ምክትል ቀያየርኩ። ሲመጡ እሳት ናቸው፤ ዓመት ሳይሞላቸው ይቀዘቅዛሉ። ሦስተኛውም ሰሞኑን የመልቀቂያ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ብቻዬን ሆኜ ትምህርት ቤቱ በእጄ ላይ ሊፈርስ ነው። አራተኛውን እንዴት ልምረጥ?» ነው ያልሽኝ። እኔም የጠመኔ ብናኝ ስተነፍስ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ጭንቀትሽ ይገባኛል። መልሴ ግን በዚህ ሰውዬ በኩል ነው የሚመጣውና ታገሺኝ።

ሰውዬው መኪናዋን ይወዳታል። እኛ አገር የተወደደ ዕቃ ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ፤ ይለብሳል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይለብሳል፣ ሪሞቱ ላስቲክ ይለብሳል፣ ሶፋው እንግዳ እስኪመጣ አንሶላ ለብሶ ይጠብቃል፣ እንግዳው ሲመጣም እዚያው አንሶላው ላይ ይቀመጣል። የኔ ቤት ሬዲዮ ሹራብ አላት፤ አትሳቂ። ይህም ሰው ዳሽቦርዱን ምንጣፍ አለበሰው፣ መሪውን ቆዳ አለበሰው፣ ወንበሮቹን ደግሞ ወፍራም ልብስ በልካቸው አሰፍቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈናቸው። በኋላው ወንበር ጎን በኩል ያለችውን ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ፕላስቲክ ሳይቀር አብሮ ሸፈናት። እሷን ሲያያት የጌጥ ጉድለት ነበር የምትመስለው።

ሚስቱ ደሟን ታጥባ በወጣችበት በመጀመሪያው ቀን፣ ኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብላ «በረደኝ» አለችው። በማግሥቱ ወንበሩ ላይ ስፖንጅ ፍራሽ አነጠፈ፣ በፍራሹ ላይ ብርድ ልብስ ጨመረ፣ ለራስጌዋ ትልቅ ትራስ ከጎን አስደገፈላት። የኋላው ወንበር አልጋ ሆነ ማለት ነው። መስኮት አይከፈትም፣ ማቀዝቀዣ አይነካም። «ተመቸሽ?» ይላታል በየመንገዱ። «ተመችቶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትለዋለች።

ጥቂት ወራት እንደሄዱ ባትሪው ደከመ። መኪናዋ አሮጌ ናትና ማንም አልገረመው። መካኒኩም «ዕድሜው ነው» ብሎ ሌላ ባትሪ ገጠመለት። መኪናዋ ዳገቱን እንደ ልጅነቷ ወጣችው፤ ሰውዬው እፎይ አለ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ክረምቱ ሳይገባ ዳሽቦርዱ ላይ ያው የማስጠንቀቂያ መብራት ቦግ አለ፣ ዳገቱ ላይም ያው ድካም መጣ።

ወደ መካኒኩ ሄዶ ሙልጭ አድርጎ ሰደበው። «የሞተ ባትሪ ነው የገጠምክልኝ!» አለው። መካኒኩ ማለ፣ ተገዘተ፤ ሰሚ አላገኘም። ሰውዬው ሌላ ጋራዥ ሄደ፣ ሌላ ባትሪ አስገጠመ። ያኛውም በመጀመሪያው ሰሞን ጥሩ ነበር።

አሁን ግን አንድ አዲስ ነገር መጣ። ከኋላ ወንበር ጎን የሆነ ማራገቢያ መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ልብ ካላሉት የማይሰማ ነበር፤ እየቆየ ግን ዳገት ላይ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮህ ጀመር። ሰውዬው ጩኸቱ ሚስቱን እንዳያስተኛት ተጨነቀ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጋቢውን አጣጥፎ ድምፁ በሚመጣበት በኩል ወተፈው፣ ትራሱንም በጋቢው ላይ አስጠጋው። ጩኸቱ ቀነሰ። «አሁን ደህና ትተኛለች» ብሎ ደስ አለው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ለኔም ለመናገር፣ ላንቺም ለመስማት ይቀል ነበር።

ያ ባትሪም ሄደ። ሦስተኛው ተገጠመ። ሦስተኛው ከሁለቱም ፈጥኖ ደከመ፤ አንድ ዓርብ ጧት መኪናዋ ከዳገቱ መካከል ቀጥ ብላ ቆመች። የሴትዮዋ እግር አብጧል፣ ትንፋሿ ያጥራል። ሰውዬው አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ። ጎመን የጫነ አይሱዙ አየውና አቆመለት፤ ሚስቱን በሹፌሩና በረዳቱ መሃል አስቀምጠው፣ እሱ ጎመኑ ላይ ወጥቶ ሆስፒታል ደረሱ። ተራዋ አልፎ ነበር። ነርሷ እንደምንም ከሁሉም በኋላ አስገባቻት። ሐኪሙ ሰውዬውን ወደ ጎን ጠርቶ «ዛሬ ተርፋለች። ሌላ ቀን ተራዋ ቢያመልጣት ግን ኃላፊነት አልወስድም» አለው። ሰውዬው ሆስፒታሉ አጥር ሥር ቁጢጥ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በጣም ፈርቶ ነበር፤ አብራው የኖረችውን ሰው በገዛ መኪናው ውስጥ ሊያጣት ነበር።

በማግሥቱ መኪናዋን አስጎትቶ፣ ሰዎች ወደ ጠቆሙት ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኳ ሴት ናት፤ ብዙ የማታወራ፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች የምታዳምጥ።

«እህቴ፣ አራተኛ ባትሪ ፈልጊልኝ» አላት። «እባክሽ ጠንካራውን ምረጪልኝ። እስካሁን የገጠሙልኝ ሁሉ ሰነፎች ናቸው፤ ሲገቡ ደህና፣ ከዚያ ልግመት።»

«ሦስቱም?» አለች።

«ሦስቱም!»

ኮፈኑን አልከፈተችም። የባትሪ መለኪያም አላመጣችም። መኪናዋ አንድ ሌሊት ቆማ በመቀዝቀዟ ሞተሯ እንደምንም ይነሣ ነበርና፣ ቁልፉን ተቀብላ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከኋላ ይግቡና ባለቤትዎ እንደሚተኙት ሆነው ይተኙ» አለችው።

ደነገጠ። መኪናዋን በያዘበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ከኋላ ተቀምጦ አያውቅም። የሚነዳ ሰው ከኋላ ምን ያደርጋል? ሆኖም ገባና ፍራሹ ላይ ጋደም አለ፣ ራሱን ትራሱ ላይ አሳረፈ። መካኒኳ ከጋራዡ ጀርባ ባለችው አቀበት ላይ ዝግ እያለች ትነዳ ጀመር።

ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰውዬውን ላብ አጠመቀው። ፍራሹ ከሥር ይግላል፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ወፍራሙ ልብስ ጀርባው ላይ ይጣበቃል። በጆሮው ሥር ደግሞ ከትራሱ ጀርባ የታፈነ ጩኸት አለ፤ ከፊት ሆኖ ሲሰማው ቀንሷል ያለው ጩኸት። እጁን ከጋቢው ሥር ሰደደ። ወዲያው መልሶ ሳበው፤ ያቃጥላል።

«አቁሚልኝ!» አለ።

አቆመችለት። ወርዳም የኋላውን በር ከፈተችና ትራሱን አነሣች፣ ጋቢውንም ሳበች፣ ከልብሱ ሥር ያለችውን ቀዳዳ ቀዳዳ ፕላስቲክ በጣቷ እየዳሰሰች አሳየችው። «ባትሪው የሚተነፍሰው በዚህች ነው» አለችው። «ሰው የተቀመጠበትን አየር በማራገቢያ ስቦ ነው የሚቀዘቅዘው። የጮኸው አየር ቢያጣ ነው። እርስዎ ጠንካራ ባትሪ አላጡም፤ የመጣውን ሁሉ እያፈኑት ነው።»

ሰውዬው ያን ልብስ በልኩ ሲያሰፋ፣ ፍራሹን ሲመርጥ፣ ጋቢውን ሲወትፍ፣ ያደረገው ሁሉ ለሚስቱ ነበር። ያደረገው ሁሉ ደግሞ እሷን ከመንገድ ላይ ሊያስቀራት ነበር። «ምላጭ አለሽ?» አላት። ሰጠችው። በገዛ እጁ የወንበሩን ልብስ ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ከማራገቢያው ውስጥ የጋቢ ጥጥና የብርድ ልብስ ጭገር በጭብጥ በጭብጥ ወጣ።

መካኒኳ ከዚያ በኋላ ነው ባትሪውን የፈታችው። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ሥራ እያሠራች ለካች፤ ፈጽሞ የሞቱትን ብቻ አውጥታ ተመሳሳያቸውን ተካች፣ የቀሩትን አስተካክላ ሞላቻቸው። «እነዚህ ደክመው እንጂ አልሞቱም» አለችው። እንዳለችውም ሆነ።

ማክሰኞ ደረሰ። ሰውዬው የኋላውን በር ለሚስቱ ከፍቶ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። «ፍራሹን አነሣሁብሽ። ብርድ ልብሱንም። ይበርድሻል ብዬ ፈርቻለሁ» አላት።

እሷ ገብታ ተቀመጠች፣ መስኮቱንም ትንሽ ከፈት አደረገች። ነፋሱ ነጠላዋን አነሣው። «እፎይ!» አለች፣ ከልቧ።

«ምነው?»

«የበረደኝ እኮ ያን አንድ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ሙቀት እየጨረሰኝ ነው የምመላለሰው።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እንዲያ ስትለፋልኝ እያየሁ፣ በምን አፌ?»

ሰውዬው ሞተሩን አስነሣ። ዳገቱን ሲወጡ ማራገቢያው አልጮኸም፤ የሚሰማው የሁለቱ ወሬ ነበር። ሆስፒታሉ ጋ የደረሱትም ተራዋ ከመድረሱ በፊት ነው።

እንግዲህ ወደ አንቺ እንምጣ። ባለመኪናው አንቺ ነሽ፤ እንዳትቆጪ። ክፉ ነሽ አላልኩም። ምክትሎችሽን ትወጃቸዋለሽ፣ እኔ ምስክር ነኝ። የመጀመሪያዋ የክፍለ ጊዜ ድልድል ስታወጣ «ደክሟታል» ብለሽ ቤትሽ ወስደሽ እንደገና ሠራሽው። የሁለተኛውን ቁልፎች «እንዳይጠፉበት» ብለሽ ቦርሳሽ ውስጥ ያዝሽለት፤ ሰውየው ቤተ ሙከራ ለመክፈት ያንቺን በር ሲያንኳኳ ይውል ነበር። በባለፈው የወላጆች ስብሰባ ደግሞ ሦስተኛው፣ መምህር ልሳነወርቅ፣ ሊናገር ተነሣና ቃል ቢጠፋው አንቺ ቀድመሽ ጨረስሽለት፤ ከዚያም ስለ ጨዋነቱ አመሰገንሽው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ፊቱን አየሁት። ባለፈው ጥቅምት በመምህራን ስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ ነበር አሉ፤ አንቺም «ደክሞታል» ብለሽ የሦስት ቀን ፈቃድ ሰጠሽው። እረፍት አልነበረም የጠየቀሽ። አየር ነበር የጠየቀሽ።

ልጄ፣ በሰው ምርጫ አልተሳሳትሽም። ሦስቱም ደህና ሰዎች ነበሩ፤ እንዲያውም አራተኛውን ከእነሱ የበለጠ ጠንካራ ብታገኚ፣ ትንሽ ወራት ይጨምር ይሆናል እንጂ መጨረሻው አይለወጥም። ስለዚህ ነገ ጧት መጀመሪያ የምታደርጊው ይህ ነው። ሂጂና የመምህር ልሳነወርቅ ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ የሱን ሥራ በሱ ሥልጣን ብቻ ሥሪ። ወረቀት ለማባዛት ፈቃድ ጠይቂ፣ ቁልፍ ለምኚ፣ የጻፍሽውን ሌላ ሰው ሲያርመው ተመልከቺ። እስከ ምሳ ሰዓት ከቻልሽው እኔ ተሳስቻለሁ። ከዚያ ጥሪውና ምን እንዳፈነው ጠይቂው። መጀመሪያ «ምንም የለም፣ ተመችቶኛል» ይልሻል፤ አትመኚው፣ ስለሚያከብርሽ ነው። ዝም ብለሽ ጠብቂው። ሁለተኛውን መልስ ሲነግርሽ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን እንዳትጨርሺለት።

አራተኛውን እንዴት ልምረጥ አልሽኝ። ሦስተኛው ገና አልሄደም እኮ፤ ደብዳቤው ጠረጴዛሽ ላይ ነው ያለው።