የእመት ጦጢት ካሮት

ተረት ተረት። «የጓሮ አትክልት» በሉኝ፤ እስከ ላም በረት ለመሄድ ዛሬ አቅም የለኝም።

የእመት ጦጢት የማኅበር ተራ ደረሰ። ጓሮዋ ካሮት ሞልቶታል፤ ግን አንዱ ጠማማ፣ ሌላው ባለ ሁለት እግር ነው። ስለዚህ ጀርባው የተገጠበውን አያ አህያን ጠርታ፣ ከሩቅ ገበያ ቀጥ ቀጥ ያለ ካሮት እንዲያመጣላት ለመነችው።

«ጓሮሽ ያለውስ ካሮት አይደለም እንዴ?» አላት አህያው።

«እሱን አቅርቤ አገር ምን ይለኛል? በል ሂድልኝ።»

አህያው ተነፈሰና ሄደ። ደርሶ ለመመለስ ሦስት ቀን ፈጀበት፤ ሦስቱንም ቀን ፀሐይ ነበር።

ማኅበርተኞቹ ተቀመጡ። የቀረበው ካሮት ቀጥ ያለ ነው፤ ግን ጠውልጎ እንደ ጠፍር ሆኗል። ሁሉም በይሉኝታ ዝም ብለው ያኝካሉ። ይሉኝታ የማያውቀው አያ ጃርት ብቻ አፍንጫውን ወደ ጓሮ አዞረ።

«እመት ጦጢት፣ እዚያ የሚሸተኝ ምንድን ነው?»

«ተወው፣ ጠማማ ነው፤ ለእንግዳ አይሆንም።»

«ሆዴ ከገባ በኋላ ማን ያየዋል?» አለና ወጥቶ መቆፈር ጀመረ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። አፈሩን እያራገፉ ሲበሉ ቤቱ ባዶ ቀረ።

ጦጢት አፍራ፣ ባለ ሁለት እግሩን ካሮት ይዛ አጥር ሥር ወደ ተኛው አህያ ሄደች። አህያው ነከስ አደረገውና ቀና ብሎ አያት።

«ታዲያ እኔን» አላት፣ «የት ነበር የላክሽኝ?»

መልሷን ሳይሰማ እንቅልፍ ወሰደው።

ተረቴን መልሱ፤ አፌንም በጓሯችሁ ጎመን አብሱ።